ይድረስ ለክቡር የመንገድ ጨው፣ ባሉበት

ቀን፦ መኪናዬ በታጠበች ማግስት
ጉዳዩ፦ ከአስፋልት አልፈው ያለ ፈቃድ መኪናዬ ውስጥ ስለመግባትዎ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ከጣቶቼ ጫፍ በስተቀር ደህና ነኝ። መኪናዬ ግን ደህና አይደለችም። ስገዛት ጥቁር ነበረች፤ ብርዱ ገብቶ እርስዎ የመንገዱን በረዶ እንዲያሟሙ አስፋልት ላይ መበተን ከጀመሩ ወዲህ ግን ቀለሟን ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው ጠፍቶኛል። ነጭ ናት እንዳልል ጎኗ በጭቃ ተለውሷል፣ ግራጫ ናት እንዳልል ደግሞ ትናንት የተደገፍኩበት በር ላይ የካፖርቴ ቅርጽ በጥቁሩ ጉልህ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ቅርጽ የተነሣው ነጭ ነገር የት ደረሰ ብለው ቢጠይቁ መልሱ ካፖርቴ ላይ ነው።

ውለታ ቢስ እንዳልባል በቅድሚያ ሥራዎን ላመስግን። ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ በረዶ እንዲለወጥ ተፈጥሮ ስትደነግግ ይግባኝ ያለ አልነበረም፤ እርስዎ ግን ውሃው ውስጥ ሟሙተው ያንን ድንበር ወደ ታች ገፉት። ከመቶ 23 እጅ ያህል ሆነው ሲሟሙ ውሃው ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ድረስ ሙሉ በሙሉ እንዳይረጋ ማድረግ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፣ አስፋልት ላይ ነገሩ እንደ ቤተ ሙከራው አይደለም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሥራዎ መንቀራፈፍ ይጀምርና ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባሉት የቅርብ ዘመዶችዎ ለእርዳታ ይጠራሉ። ጎማዬ ሳይንሸራተት መታጠፊያውን ባለፍኩ ቁጥር ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ከመንገዱ ይነሡልኝ ብዬ አላመለክትም፤ ያን ያመለከትኩ እንደሆነ ቀጣዩን አቤቱታ የምጽፈው ቦይ ውስጥ ተገልብጬ ነው።

ነገር ግን የተቀጠሩት ለአስፋልቱ ሆኖ ሳለ ከወንበሬ ሥር ምን ሊያደርጉ ገቡ? ጨዋ የሚለው ቃል ከስምዎ ጋር እጅግ የሚቀራረብ በመሆኑ ስለ ጠባይዎ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፍ ያለ ግምት ነበረኝ። ጨዋ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ግባ እስኪባል ይጠብቃል። እርስዎ ግን በጫማዬ ታዝለው ይገቡና ምንጣፉ ላይ ዳርቻው ነጭ የሆነ የማላውቀውን አገር ካርታ ይሥላሉ። ኮምጣጤን ለብ ካለ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ካርታውን አጠፋሁት፤ በማግስቱ ድንበሩን አስፍተው እንደገና ሣሉት። በዚህ መካከል የቀረልኝ ነገር ቢኖር ሰላጣ ሰላጣ የሚል መኪና ነው።

ይህንንስ በትዕግሥት አሳልፈዋለሁ። ሌሊት ሌሊት ከሻንሲው ሥር የሚሠሩትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብረት ውሃና ኦክስጅን ካገኘ ያለ እርስዎም እንደሚዝግ አልክድም፤ እርስዎ ግን ውሃውን ኤሌክትሪክ የተሻለ እንዲያስተላልፍ በማድረግ በዓመታት ይመጣ የነበረውን ጥፋት ያፋጥኑታል። የሚገርመው ደግሞ ለዚህ ሁሉ አገልግሎት ከራስዎ ምንም አለመጉደሉ ነው፤ ብረቱ ያልቃል፣ እርስዎ እንዳሉ ይቆያሉ። ከፓራፋንጎው ጀርባ፣ በማርሚታው ዙሪያ፣ ውሃ እንዲፈስበት በተበሳው የበር ታችኛ ቀዳዳ፣ ከዚህም ሁሉ በሚያሳስበኝ በፍሬን ቱቦው ላይ ተቀምጠው ሥራዎን ያከናውናሉ። ደርቀው ያርፋሉ ብዬም ተስፋ እንዳላደርግ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 ሲያልፍ ራስዎ ከአየር ላይ ውሃ ስበው ይርሳሉ፤ ዘመዶችዎማ ከዚያም እጅግ ባነሰ እርጥበት የሚረኩ ናቸው። ከብርዱ በፊት ሙሉ ቅዳሜዬን ሠውቼ መኪናዋን ሰም ቀብቼያት ነበር። ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ወርቁን ግን፣ ያንን ቡናማ ቅኔዎን፣ ዘንድሮ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ እርስዎ ፈቱት።

ይህን ያስተዋለ አንድ ወዳጄ ማሞቂያ ያለው ማቆሚያ ተከራይ ብሎ መከረኝ። ተከራየሁ። ዝገት ብርድ ሲጠና እንደሚንቀራፈፍ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ግን እንደሚበረታ የሰማሁት የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለካ በየምሽቱ ጨው የተሸከመ በረዶዬን ይዤ እየገባሁ ለእርስዎ ምቹ መኝታ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ።

ታዲያ ለምን አታጥባትም ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ፣ ክቡር ሆይ። ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። የፈላ ውሃ የቀዘቀዘ መስታወት ላይ ቢደፋ ሊሰነጥቀው እንደሚችል ስለማውቅ ለብ ያለውን መረጥኩ፤ ለብታው ግን ከባልዲው እስከ ኮፈኑ ባለው ጉዞ አለቀ። የግራውን ጎን አጥቤ ወደ ቀኙ ስዞር የግራው ጎን በቀጭን በረዶ ተለብጦ ያንጸባርቅ ነበር። ለአፍታ ያህል በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ የምትበልጥ ንጹሕ መኪና ነበረችኝ፤ እንከኗ ልገባባት አለመቻሌ ብቻ ነው። በሩ ዳር ያለው ማሸጊያ ጎማ ውስጥ የገባው ውሃ ረግቶ በሩን ከአካሏ ጋር አጣብቆታል፤ የቁልፍ ቀዳዳውም ቁልፉን እስከ ግማሹ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ አላስገባም፣ አልመልስምም አለ። በመጨረሻ ዕቃ መጫኛውን ከፍቼ፣ መቀመጫዎቹን በደረቴ እየተሳብኩ ተሻግሬ ከመሪው ፊት ደረስኩ። ጎረቤቴ በመስኮቱ ሆኖ ሲመለከተኝ ነበር። ሌባ መስዬው እንደሆነ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ እንዲህ የሚደክም ሌባ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን ተምሬአለሁ። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ የሚወጣበትን ቀን ጠብቄ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትደርቅ ረፋዱ ላይ ወደ ላቫጆ እሄዳለሁ። እርግጥ ነው፣ ያንን ቀን የሚጠብቀው የከተማው ባለመኪና ሁሉ ስለሆነ ሰልፉ ፀሐይዋን ይበላታል። ተራዬ ሲደርስ ስፖንጅ ከመንካቱ በፊት በኃይለኛ ግፊት ውሃ እንዲረጩልኝ እማጸናለሁ፤ ምክንያቱም እርስዎ ብቻዎን አይመጡም፣ አሸዋና ጠጠር አስከትለው ስለሚመጡ ቸኩሎ ያሸ ሰው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደፈተገ ይቆጠራል። ከዚያ ከሥሯ አጎንብሰው እንዲያጥቡልኝ እለምናለሁ፤ ላይኛው የሚታጠበው ለጎረቤት ነው፣ ታችኛው ግን ለራስ ነው። በሮቹ ዳር ያሉትን ጎማዎች በደረቅ ጨርቅ አብሼ የሲሊኮን ቅባት እቀባለሁ፣ አራቱንም በሮች ደጋግሜ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁም፤ ለሚያይ ሰው መኪናዋን ለመብረር የማለማምዳት ይመስላል። ወጥቼም ፍሬኑ እንዲደርቅ ደጋግሜ እረግጠዋለሁ፣ ስቆም የእጅ ፍሬኑን አልይዝም፤ ይዤው ባድር ጠዋት በረዶ አጣብቆት ይጠብቀኛልና።

ባለፈው ማክሰኞ ይህን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ፈጸምኩ። መኪናዬ ጥቁር ሆነች። የፊቴን ጥላ በሩ ላይ አይቼ ማርጀቴን እስከማወቅ ደረስኩ። ከላቫጆው ደጃፍ መቶ እርምጃ ያህል እንደራቅኩ እርስዎን የጫነው በታኝ መኪና ከጎን መንገድ ብቅ ብሎ ከፊቴ ገባ። መቅደም አይቻልም፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ መቆምም አይቻልም፣ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ እንደ እኔ ታጥበው የወጡ ናቸውና ሐዘናቸውን በጥሩምባ ይገልጻሉ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ተረቱ በአንተታ ስለሚጠራዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብቻ ተራቹ የዘነጋው ነገር ቢኖር ድንጋይ ተብለው ከተጣሉ በኋላ ከኮፈኔ ላይ እንዴት እየነጠሩ እንደሚያስተጋቡ ነው።

ስለ ኋላ ካሜራዬ አልናገርም፤ ከኅዳር ጀምሮ የሚያሳየኝ ደመና ብቻ ነው። የመስታወት ማጠቢያውን ፈሳሽ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ተራ ውሃ ስለሚረጋ አልኮል ያለበትን እገዛለሁ፤ አንዱን ጀሪካን በሳምንት ይጨርሱብኛል።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ መኪናዬ የምትታጠብበትን ቀን አስቀድሜ እንዳሳውቅዎና በዚያን ቀን ብቻ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ጥቁር ሆና እንድትደርስ ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ወረቀቱ በእርጥበት እንዳይበላሽ በማሰብ ማመልከቻውን በመኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ፣ በራስዎ ላይ፣ በጣቴ ጽፌዋለሁ፤ አንድ የሰፈር ልጅ "እጠበኝ" ብሎ ከጻፈው መሥመር ዝቅ ብሎ ያገኙታል።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞዋ ጥቁር መኪና ባለቤት

ግልባጭ፦ ለዝገት (ዘወትር በአካል ስለምንገናኝ በፖስታ አይላክለትም)