ሊፔዙ ሺህ ገባ ብላችሁ አትደንግጡ

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወረቀት ይዞ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ የሚሯሯጥ አስታማሚ ማየት ብርቅ አይደለም። ታማሚው ቆሽቱ ድንገት የተቆጣበት ከሆነ ወረቀቱ ላይ ሊፔዝ፣ ቆሽት የሚያመርተውና ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚበዛው ስብ ፈጪ ኢንዛይም፣ አይጠፋም። ትናንት ተሠርቷል፣ ዛሬም ይደገም ይባላል። ቁጥሩ ከ900 ወደ 1,500 ሲወጣ ቤተሰብ ይርበደበዳል። ሲወርድ ደግሞ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል።

ሁለቱም ልክ አይደለም። ሊፔዝ የሚነግረን ሕመሙ የቆሽት መሆኑን ነው። ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የሆዱ ሕመምም የቆሽት የሚመስል ከሆነ፣ በሽታው ታወቀ። ምን ያህል እንደከፋ ግን ቁጥሩ አይናገርም። በሺዎች ተቆጥሮበት በጥቂት ቀን ቤቱ የሚገባ አለ። ከዚያ ባነሰ ቁጥር ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚተኛም አለ። በየቀኑ ማስደገሙ ለእኔ ገንዘብ መበተን ነው።

ክብደቱን የሚጠቁሙት ርካሾቹ ምርመራዎች ናቸው። ቆሽት ክፉኛ ሲቆጣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ። ደሙ ይወፍራል፣ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። የደሙ መወፈር በሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ በሚይዙት ድርሻ፣ ይታያል፤ የኩላሊቱ መቸገር ደግሞ ኩላሊት በሚያስወግዳቸው ቆሻሻዎች፣ በዩሪያና በክሪያቲኒን። ሄማቶክሪት ከሲቢሲ (ከተለመደው የደም ሴሎች ቆጠራ) ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው አይከፈልበትም።

የደም ዩሪያ ናይትሮጅን፣ ሐኪሞች ቢዩኤን የሚሉት፣ በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም ካለፈ ያሳስባል። ፈሳሽ እየተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። ልብ በሉ፣ ውጤቱ «ዩሪያ» ተብሎ ከተጻፈ የ20 አቻው 43 ገደማ ነው። ለሄማቶክሪት 44 በመቶ እንደ ወሰን ይጠቀሳል። ይህን እንደ ሕግ አልወስደውም። ጤነኛ ወንድ ከዚያ በላይ ሊኖረው ይችላል፣ ያውም ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፤ ከፍታ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። ሲገባ 46 የነበረው በማግስቱ 41 ከሆነ ደስ ይላል። 49 ከሆነ ግን ተረኛው ሐኪም ቶሎ ይጠራ።

ሲአርፒም አለ፤ ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው። በ48ኛው ሰዓት በሊትር ከ150 ሚሊግራም ካለፈ በሽታው የመክበድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ጉበት እስኪያመርተው ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ማለቱ ማረጋገጫ አይሆንም። «ፖዘቲቭ» ተብሎ ብቻ የሚመጣው ውጤትማ ለዚህ ጉዳይ አይረባም፣ ቁጥሩ መጻፍ አለበት። ፕሮካልሲቶኒን የሚባል ውድ ምርመራም አለ። ርካሾቹ ሳይደገሙ ለእሱ መሮጥ ግን አይታየኝም።

«ደሙን ተዉት፣ ሲቲ ስካን ይነሳ» የሚሉ አሉ። ሲቲ ቦታ አለው። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተነሳ የሞተውን የቆሽት ክፍል አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በተሻሻለው የአትላንታ ምደባ (ሐኪሞች የድንገተኛ ቆሽት ቁጣን ክብደት የሚለዩበት መመዘኛ)፣ «ከባድ» የሚባለው የኩላሊት፣ የሳንባ ወይም የልብና የደም ዝውውር ሥራ ተጓድሎ ከ48 ሰዓት በላይ ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ክትትል ይፈልጋሉ። ደም ብቻውን አይበቃም። ትንፋሹ፣ ሽንቱ፣ የኦክስጅን መጠኑ አብረው ይታያሉ።

አስታማሚዎች፣ «ሊፔዙ ስንት ሆነ?» ከማለት «የኩላሊቱና ሲቢሲው መቼ ይደገማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው ሸክም ግን የእናንተ አይደለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለክሪያቲኒን ሰው ወደ ውጭ የሚልክ ሆስፒታል ስለ ከባድ ሕሙማን ክትትል ባያወራ ይሻለዋል። አስተዳደሩ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) ሲገዛ ሲቢሲንና የኩላሊት ምርመራን ያስቀድም፣ ድንገተኛ ክፍሉም 24 ሰዓት ያግኛቸው።