ኮምፒውተሩ ሲኳል

የድሬዳዋ ባጃጅ ከጎኑ ካለው ባጃጅ በሞተር አይለይም። የሚለየው በኩሉ ነው፤ በመቀመጫው ጨርቅ፣ በመብራቱ፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ጥቅስ። ዘይቱ ሳይቀየር ይከርማል፤ ስቲከሩ ግን ጫፉ ገና ሲላጥ ይተካል። ይኸው አመል ከመንገድ ተነሥቶ ቢሮ ገብቷል። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ፣ ማራገቢያው በአቧራ የታነቀ፣ ከጣሪያው ቬንትሌተር ጋር በጩኸት የሚፎካከር ኮምፒውተር «አቦ፣ እስቲ አይከኑን ቀይርልኝ» ይባልለታል፤ አይከን ማለት ፋይሉ ወይም ፎልደሩ በማያ ገጹ ላይ የሚታወቅባት ትንሽ ሥዕል ናት። አቧራው ይቆየው።

ቅየራው ከመጀመሩ በፊት ሥርዓት አለ። ማውሱን የጨበጠ ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ሪፍሬሽ ይላል። አንዴ አይበቃም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይወርዳል። ሪፍሬሽ ራም አያጥብም፣ ቫይረስ አያባርርም፣ ኮምፒውተር አያፈጥንም። ሥራው ማያ ገጹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እንደገና መሣል ብቻ ነው። ይህን የሚናገር ሰው ግን በቡና መሀል ተነሥቶ እንደሄደ እንግዳ ይታያል።

ወደ ጉዳዩ። አለቃው ዋናው የኮምፒውተር ምልክት ግመል እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ እንበል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ባዶው ዴስክቶፕ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፐርሰናላይዝ፣ ቲምስ፣ ከዚያ ዴስክቶፕ አይከን ሴቲንግስ። በምትከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ ዲስ ፒሲን መርጦ ቼንጅ አይከን ማለት፣ በብራውዝ ግመሉን ማምጣት፣ ኦኬ፣ አፕላይ። እዚያው ታች «ቲሞች አይከን እንዲቀይሩ ፍቀድ» የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች፤ ምልክቷ ካልተነሣች ነገ ሌላ ሰው ቲም፣ ማለትም የማያ ገጹን ሙሉ ገጽታ፣ ሲቀይር ግመሉ ሳይሰናበት ይሄዳል። ከታች በቀኝ ጥግ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ እንደ ዕዳ ማስታወቂያ የተንጠለጠለበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ፐርሰናላይዝ ተቆልፎ ይጠብቃል። የፎልደሮቹ በር ግን ክፍት ነው።

የፎልደሩ መንገድ አጭር ነው፤ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ቼንጅ አይከን። ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፕሮግራም የሚያደርስ አቋራጭ፣ ከሆነ ከስተማይዝ በሚለው ፈንታ ሾርትከት የሚለው ገጽ ላይ ነው። ለፎልደር የሚመጣው የሥዕል መደርደሪያ «ሼል32» ከሚባለው የዊንዶውስ ፋይል የተቀዳ ነው፤ ከ300 በላይ ሥዕል አለበት። ዛፍ፣ ኮከብ፣ ቁልፍ። ጸሐፊዋ ዛፉን ትመርጣለች፤ ዛፉ የደመወዝ ፎልደር ይሆናል። ቁልፉ የዓመት ፈቃድ፣ ኮከቡ ውዝፍ ሥራ። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው የመረጠው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ሲዛወር ምስጢሩን ይዞ ይዛወራል። እዚያው ሲስተም32 በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ኢሜጅሬስ» የሚባል ሌላ መደርደሪያ አለ፣ ሥዕሎቹ አዳዲስ ናቸው። «ሞሪከንስ» የሚባለው ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን የተረፉ ፕሮግራሞችን ምልክት ይዟል፤ አሮጌ ዕቃ የሚወድ ይጎብኘው።

ስለ አሮጌ ዕቃ ከተነሣ፣ ዶክመንት ሴቭ ማድረጊያዋ ምልክት ዛሬም ፍሎፒ ዲስክ፣ የድሮዋ ፋይል መያዣ፣ ናት። 1.44 ሜጋባይት ትይዝ ነበር፤ የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ አይገባባትም። ድሬዳዋ በዚህ ልትስቅ አትችልም። የዛሬው የጅቡቲ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር ካለው አዲስ ጣቢያ ሆኖ ሳለ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ያለው፣ ግንባሩ ላይ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት፣ ዛሬም «ባቡር ጣቢያ» ነው። ባቡሩ በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደርሶ ከተማዋን ወለዳት፤ አይከኑ ቀረ፣ ፋይሉ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ትልቁ መከራ የሚጀምረው ሰው የራሱን ፎቶ አይከን ላድርግ ሲል ነው። ዊንዶውስ ለዚህ ሥራ ጄፔግ አይቀበልም፤ የሚፈልገው አይሲኦ የሚባል ዓይነት ፋይል ነው። የቢሮው አዋቂ ወዲያው መላ ያመጣል፤ የፋይሉን ስም ጫፍ ከጄፔግ ወደ አይሲኦ ይቀይራል። ይህ አህያ ላይ «ፈረስ» ብሎ ጽፎ ለመጋለብ እንደ መነሳት ነው። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ነው፤ «አይከን የለበትም» ተብሎ ይመለሳል።

በትክክል የሚሠራው እንዲህ ነው። ጊምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶውን ከፍቶ እኩል አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ፤ የኋላውን ጀርባ ማጥፋት፣ አለዚያ አይከኑ ነጭ ሳጥን ተሸክሞ ይወጣል። ወደ 256 በ256 ፒክስል (ሥዕሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ማሳነስ፤ ሌየሩን፣ ማለትም ሥዕሉ ያረፈበትን ንጣፍ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጦ አንዱን 48፣ አንዱን 32፣ አንዱን 16 ማድረግ። ከዚያ ኤክስፖርት ብሎ የስሙን ጫፍ አይሲኦ ማለት። እያንዳንዱ ሌየር አንድ መጠን ሆኖ በአንድ ፋይል ውስጥ ይታሸጋል። ለምን አራት? አይከኑ ዝርዝር ውስጥ ሲታይ ትንሹን፣ ዴስክቶፕ ላይ መካከለኛውን፣ በትልቁ ሲታይ 256ቱን ስለሚጠራ። ትልቁ ብቻ ካለ ዊንዶውስ ራሱ ይጨፈልቀዋል፤ ሲጨፈልቅ ደግሞ ምሕረት የለውም።

እዚህ ላይ የሠርግ ፎቶ ይመጣል። ሙሽሮች ሁለት፣ ሚዜ በያንዳንዱ ወገን ስድስት፣ በድምሩ 14 ሰው ጎን ለጎን። አይከኑ 48 ፒክስል ሲሆን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወርድ ሦስት ፒክስል ከምናምን ነው። በሦስት ፒክስል ሙሽራና ሚዜ አይለይም፤ 16 ላይ ሲወርድ ደግሞ ሠርጉ የጤፍ ክምር ይሆናል። ንድፍ ሠሪዋ ሱዛን ኬር ለ1984ቱ የአፕል ኮምፒውተር፣ ለማኪንቶሽ፣ ምልክቶችን ስትሠራ የነበራት 32 በ32፣ ማለትም 1024 ካሬ ብቻ ነበር፤ ካሬ ወረቀት ላይ እንደ ጥልፍ ሰፊ አንድ በአንድ እያጠቆረች ነበር የምትሞላው። የገባት ነገር ቀላል ነው፤ ትንሽ ቦታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይሣላል። የአንድ ሰው ፊት፣ ያውም ከግንባር እስከ አገጭ፣ ያስኬዳል። 14 ሰው አያስኬድም፤ ሚዜዎቹ ይቀየሙ።

ሥዕሉ ተሠራ፣ ተለጠፈ፣ አማረ። በማግሥቱ ሾርትከቱ ነጭ ወረቀት ሆኖ ያድራል። ቫይረስ አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። አይከኑ ሾርትከቱ ውስጥ አልገባም፤ የገባው አድራሻው ነው። የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ «ሳቢያን ሰፈር፣ ከሱቁ ቀጥሎ ያለው ቤት» ተብሎ የተነገረው ሰው ሱቁ ሲነሳ ቤቱን ያጣዋል። አይከኑ ዳውንሎድስ ውስጥ ከነበረና አንዱ «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ ካጸዳው፣ ወይም ፍላሽ ላይ ከነበረና ፍላሹ ተነቅሎ ከሄደ፣ ፊቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሲ በሚባለው የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ማንም የማይነካው ፎልደር ከፍቶ አይከኖቹን እዚያ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መለጠፍ።

ፎልደሩ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አይከኑን ፎልደሩ ውስጥ መጨመር ነው። ፊቱ ሲቀየር ዊንዶውስ እዚያው ውስጥ «ዴስክቶፕ ነጥብ አይኤንአይ» የምትባል የተደበቀች ፋይል ያስቀምጣል። በኖትፓድ ከፍቶ «አይከን ሪሶርስ» ከሚለው መስመር ረጅሙን አድራሻ አጥፍቶ የአይከኑን ስም፣ ኮማና ዜሮ ብቻ ማስቀረት። ኮፒ ሲደረግ «ሪድ ኦንሊ» የሚለው ምልክት ከፎልደሩ ከወረደ ዊንዶውስ ፋይሏን ዞር ብሎ አያያትም፤ መልሶ ማድረግ ይፈልጋል። ይህችን ፋይል «ምን እንደሆነች አላውቃትም» ብሎ የሚያጠፋ ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ያው አዋቂው ነው።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶ አሮጌው ፊት አልለቅ ካለ ጥፋቱ የማከማቻው ነው። ዊንዶውስ አይከኖችን ቶሎ ለማሳየት በተደበቀ ቋት ያከማቻል፤ ቋቱ ሲበላሽ የትናንቱን ፊት ያሳያል። ሪፍሬሽ በረካ ላይ ቢደርስም አይፈታውም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን ሪስታርት ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ኢንድ ታስክ ብሎ፣ ከዚያው ትእዛዝ መጻፊያውን ከፍቶ፣ ስማቸው «አይከንካሽ» ብሎ የሚጀምሩትን ፋይሎች አጥፍቶ ኤክስፕሎረርን መልሶ ማስነሳት ነው። በዚህ መሀል ታስክባሩም ዴስክቶፑም ከዓይን ይጠፋሉ። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው «በቃ፣ ጠፋ!» ይላል፤ እትዬ እከሊት የሦስት ዓመት ደብዳቤያቸውን ማልቀስ ይጀምራሉ። ሰባት ሰከንድ ነው፣ ይታገሡ።

ሪፍሬሽ እንጀራውን የሚበላባት አንዲት ቦታ አለች፤ ቆሻሻ መጣያዋ። እሷ ሁለት ፊት አላት፣ ባዶና ሙሉ። በራስ ሥዕል ከተቀየረች ባዶዋን ሙሉ እያስመሰለች ትቀራለች፤ ሪፍሬሽ ሲባል ወደ እውነቷ ትመለሳለች። በዘላቂነት የሚፈታው ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ ውስጥ ካሉት ከሁለቱም አድራሻዎች ኋላ ኮማና ዜሮ መጨመር ነው።

ኩል ከሰው ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስም የተለጠፈበትን ዕቃ አገላብጦ ሳያይ የማይገዛ ሰው፣ ፍላሽ ላይ ቢጫ ፎልደር ሲያይ ሁለቴ ይጫናል። ቢጫው ፎልደር ግን አይከኑን የተዋሰ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ቪው ውስጥ ገብቶ የፋይል ስም ጫፎች እንዲታዩ ማድረግና በዝርዝር ማየት ነው፤ እውነተኛ ፎልደር መጠን አይጻፍበትም፣ ዓይነቱ ላይ «አፕሊኬሽን» የሚል ካለ ፎልደር አይደለም። እውነተኞቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውም ቫይረስ የሚታወቀው በጥጉ ባለችው ትንሽ ቀስት ነው። ያችን ቀስት «አስቀያሚ ናት» ብለው ከሬጂስትሪ የሚያስጠፉ አሉ። የማስጠንቀቂያ ደወሉን ድምፁ ረበሸን ብለው ይነቅሉታል ማለት ነው።

አለቃው ግመላቸውን አገኙ። አንገቱ 16 ላይ ትንሽ ቢቆረጥም ግመል መሆኑ ይታወቃል። በማግሥቱ ተተኪ ሠራተኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ የት ነው የሚከፈተው?» አለ። ግመሉን አንዴ ተጭኖ ኤፍ2 መምታት፣ ከሥሩ «ኮምፒውተር» ብሎ መጻፍ፣ ኢንተር።