ብላስት ላይ "ለጥፉና ተጫኑ" ትምህርት ነው እንዴ?

ዛሬ ይውጣልኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በባዮቴክኖሎጂ እየተማርኩ ነው። ባዮኢንፎርማቲክስ ብለው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያስተማሩን ይሄን ነው፦ ሲኩዌንሱን (የዲኤንኤውን የፊደል ቅደም ተከተል) ኮፒ አድርጉ፣ ብላስት (ሲኩዌንስን ከዳታቤዝ ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም) ላይ ለጥፉ፣ ተጫኑ፣ ከላይ የመጣውን ጻፉ። አለቀ!

"ይሄን በምን መዝኖ ነው አንደኛ ያደረገው?" ብዬ ብጠይቅ "እሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ሥራ ነው" ተባልኩ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛዬን ብጠይቀው ደግሞ "ይሄማ የእናንተ የባዮሎጂዎቹ ነው" አለኝ። ታዲያ የማን ነው?

ወረቀትና እርሳስ ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ኒድልማንና ዉንሽ ሁለት ሲኩዌንሶችን ጎን ለጎን ለመግጠም እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት ዘዴ ለካ ሰንጠረዥ መሙላት ነው። "ኤሲጂቲ"ን ከ"ኤጂቲ" ጋር ገጠምኩ። ለተመሳሰለ +1፣ ለተለያየ -1፣ ለክፍተት (አንዱ ፊደል አቻ ሲያጣ) -2። የመነሻው ረድፍና ዓምድ ተቆጥሮ 20 ሳጥን። በየሳጥኑ ከላይ፣ ከግራና ከሰያፍ ከሚመጡት ሦስት ውጤቶች ትልቁን መያዝ ነው። መጨረሻው ጥግ ላይ 1 ወጣ፤ የመጣሁበትን መንገድ ወደ ኋላ ስከተል ክፍተቱ ልክ "ሲ" ትይዩ አረፈ። ገባኝ! ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ፤ ይሄ እኮ በአንድ ጥቁር ሰሌዳና በአንድ ጠመኔ ያልቅ ነበር።

አሥር አሥር ፊደል ያላቸውን ሁለት ሲኩዌንሶች ጎን ለጎን መግጠም የሚቻልበት መንገድ 8,097,453 ነው። ሰንጠረዡ ግን 121 ሳጥን ብቻ። ውበቱ እዚህ ጋ ነበር፣ ይሄንን ነው የነፈጉን! ስሚዝና ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1981 የጨመሩት ደግሞ ከዜሮ በታች የወረደውን ሁሉ ዜሮ ማድረግና መንገዱን ከትልቁ ቁጥር መጀመር ነው። በዚያች ዜሮ ሁለት ረጃጅም ሲኩዌንሶች ውስጥ የሚመሳሰለው ቁራጭ ብቻ ተነጥሎ ይወጣል።

ጉዳቱ ጥናታችን ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ብላስት አቋራጭ ነው፤ አጫጭር ተመሳሳይ ቁራጮችን ፈልጎ ከእነሱ ይዘረጋል እንጂ ሙሉውን ሰንጠረዥ አይሞላም፣ ስለዚህ የሚያመልጠው አለ። ይሄን ያልተነገረው ተማሪ ምንም ካልመጣለት "አዲስ ጂን አገኘሁ" ብሎ ይጽፋል። ከብላስት ውጤት ጋር የሚወጣውን ኢ-ቫሊዩ "የስህተት ፐርሰንት" እያሉ ዲፌንስ ያለፉ አይቻለሁ። እሱ እኮ በዚያ መጠን ዳታቤዝ ውስጥ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ያለው ውጤት በአጋጣሚ ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ዳታቤዙ ሲያድግ እሱም ያድጋል።

እባካችሁ መምህራን፣ ከአሥራ ስድስቱ ሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ስጡን። ሰንጠረዡን በእጁ መሙላት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንቀመጣለን። እርሳስና ላጲስ ብቻ ይዛችሁ ኑ።