ቡና በጨው ወይስ በስኳር?

ክርክሩ የተነሳው አቦል ሲቀዳ ነው። የአንዷ ጎረቤታችን እናት ከጉራጌ ሀገር ለጥየቃ መጥተዋል። ስኳሩ ሲዞር «ለኔ ጨው አድርጊልኝ ልጄ፣ ቅቤም ካለ» አሉ። ልጃቸው ጨው ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፤ በማንኪያ ጫፍ ንጥር ቅቤ ጠብ አደረገችበት። ቅቤው ወዲያው ቀልጦ የሲኒውን አፍ አለበሰው። አብሮን የነበረ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ፊቱን አጨፍግጎ «እንዴ እማማ፣ ቡናውን ወጥ አደረጉት እኮ!» አላቸው። እሳቸው ዝም ብለው ፉት አሉ። የመለሰችለት አንዲት አስተማሪ ናት።

«ስኳር በቡና የቅርብ ጊዜ ነገር ነው» አለችው። «ወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየገጠሩ ቤት ስኳር ከየት ይመጣል? ጨው ግን ስንት ዘመን ከአፋር በግመልና በበቅሎ እየተጫነ አገሩን ሲያዳርስ ኖሯል።»

«ይኸው፣ ራስሽ መሰከርሽ! አጥተው ነው እንጂ ወደው አይደለም። ምላስ የራሱ ሕግ አለው። መራራን የሚያስታርቀው ጣፋጭ ነው፤ ጨው ለወጥ ነው።»

ሕግ የሚለው ቃል ሁሉንም አስነሳ። ኢስታንቡል የኖረ አንድ ጓደኛችን ቱርኮች የዶሮ ደረት ሥጋ እንደ ክር ፈትለው ከወተትና ከስኳር ጋር እያበሰሉ እንደ ጣፋጭ ምግብ እንደሚበሉት ነገረን። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም እኮ በመኳንንቱ ማዕድ ላይ ዶሮ ከሩዝ፣ ከአልመንድ ወተትና ከስኳር ጋር ይቀርብ ነበር፤ ስኳሩ ከሥጋው ተለይቶ ወደ ማዕዱ ማብቂያ የሄደው ኋላ ነው። ከአሜሪካ የመጣችው ደግሞ አቮካዶን አነሳች። እኛ ጁስ ቤት በስኳርና በሎሚ፣ ላዩ ላይ ቪምቶ እያስደረግን እንጠጣዋለን። የሜክሲኮ ሰዎች ግን በጨው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ነው የሚያውቁት፤ እሷ ስኳር ስትጨምርበት አብረዋት የሚሠሩት ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው ነበር።

ልጁ አልተበገረም። «እሺ፣ የውጭውን ተዉት። የኛ ዶሮ ወጥ ግን ከጥንት ጀምሮ ያው ነው።»

አስተማሪዋ እዚህ ላይ ያዘችው። በርበሬ የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከማቋረጡ በፊት እዚህ አገር በበርበሬ የቀላ ወጥ የቀመሰ ሰው የለም። ቡናውም ቢሆን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ እስከ ምኒልክ ዘመን ድረስ የተነወረ ነበር። ዛሬ ግን ቡና ያልፈላበት ቤት ቤት አይመስለንም።

እኔ ለልጁ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። ምላስ የራሱ ነገር አለው፣ ሁሉም ልማድ ብቻ አይደለም። ግን እሱው የጠራው ሕግ ለእማማ ነው የሚመሰክረው፤ ጨው መራራን ያደበዝዛል፣ ትንሽ ቆንጠር ማድረግ ይበቃል። ቅቤውም ቢሆን ማለዳ እርሻ ለሚወርድ ሰው እስከ ምሳ የሚያቆይ ስንቅ ነው። ስለዚህ ስኳር ያጣ ሰው የፈጠረው ማካካሻ አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። ያወቁበት ሰዎች የሠሩት ነው፣ ዛሬም ስኳሩ ፊታቸው ተቀምጦ እማማ የመረጡት ጨውን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከተማ ያደጉ ልጆች እንዲህ ያለ ፊት እያዩ የእናታቸውን ቡና ሰው ፊት ማቅረብ ያፍራሉ። መጀመሪያ እንግዳ ሲኖር ይቀራል፤ ቀጥሎ በበዓል ብቻ ይሆናል፤ ኋላ ልኩን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፣ ምክንያቱም የጨውና የቅቤው መጠን የትም አልተጻፈም፣ ያለው በሴቶቹ እጅ ነው። ደግሞ ልጁ ያን ሁሉ ሲከራከር አንዴም አልቀመሰም። ቀምሶ አልወደድኩትም ቢል ኖሮ ማንም ቃል አይናገረውም ነበር።