ኮፈኑ ሳይከፈት ካንዴላ የምታዝዙ ሰዎች፣ ኧረ በፈጠራችሁ!

አንድ ሰው «መኪናዬ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ይነጥቃል» ብሎ ሲጠይቅ የሚዘንብለትን መልስ አይታችኋል? «ካንዴላ ቀይር።» «ፓምፑ ነው።» «ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ የኔም እንደዛው ነበር።» «ኢንጀክተር አሳጥብ።» መካሪው እንደ ጉድ ነው፣ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ቆሞ ብቻ ነው ወይስ ዳገት ላይም? የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል? በርቶ ቀርቷል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ይህ ሳይታወቅ የሚጠራ ዕቃ ሁሉ ሎተሪ ነው፤ ቆራጩም ምስኪኑ ባለመኪና ነው።

ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ «ባትሪውን ነቅለህ ትንሽ አቆየው፣ መብራቱ ይጠፋል» የሚለው ምክር ነው። አዎ፣ ይጠፋል። ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል! ኮምፒውተሩ ስህተት ሲመዘግብ ኮዱን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ በስንት ዙር እንደነበረ፣ ሙቀቱን፣ የመኪናውን ፍጥነትና ጭነቱን አብሮ ይይዛል። ፍሪዝ ፍሬም የሚሉት እሱን ነው። በ750 ዙር፣ ፍጥነት 0 ላይ የተመዘገበ ሚስፋየር (ሲሊንደር እሳት መሳቱ) እና በ3000 ዙር፣ በከባድ ጭነት የተመዘገበ ሚስፋየር ፍለጋቸው ለየቅል ነው። ባትሪ የነቀለ ሰው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ሰረዘው። በዚያ ላይ ብዙ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የለመደው የሚኒሞ ማስተካከያም ስለሚጠፋ መኪናው ከበፊቱ ብሶበት ይነሣል። ከዚያ «አዲስ ችግር መጣ» ተብሎ ሌላ ዕቃ ይታዘዛል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳትም እንደ ቀላል ነገር ሲወራ ይሰማል። ቀላል አይደለም። ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ውስጥ ይቃጠላል፣ ውስጡን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ነዳጅ መርገጡን ቀንሶ ዳር ይዞ ማቆም ነው። በርቶ ለቀረ መብራት ግን ጋራዥ እስኪደረስ ጊዜ አለ።

እሺ፣ ኮድ ተነበበ እንበል። ፒ0301 ማለት 1ኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ፒ0302 2ኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ከሆነ አንድ ሲሊንደር ላይ አልረጋም። ኮዱ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይናገርም። ፒ0302 አይቶ አራት ኮይል (ለካንዴላው የእሳቱን ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) እና አራት ካንዴላ ባንዴ የሚያዝ ሰው ምን አነበበ ይባላል? እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል የተቀመጠበት ሞተር ከሆነ ምርመራው ምንም ዕቃ አያስገዛም። መጀመሪያ ኮዱንና ፍሪዝ ፍሬሙን ጽፈህ ያዝ። ሞተሩን አጥፋ፣ የ2ኛውን ኮይል አውጥተህ ከ3ኛው ጋር አቀያይር። አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ካንዴላውን አትንካ! ሁለቱን ባንዴ ከነካህ የትኛው እንደነበረ በምን ታውቃለህ? አሁን ኮዱን አጥፍተህ ንዳው። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ኮይሉ ነው፣ አለቀ። እዚያው ከቀረ ካንዴላዎቹን አቀያይር። አሁንም እዚያው ከሆነ ኢንጀክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን) ወይም ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ማየት ነው።

ካንዴላ ሲወጣም እዩት እንጂ፣ ዝም ብሎ ቅርጫት ውስጥ መወርወር ምንድን ነው? ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም እሳቱ መድከሙን ይናገራል፤ ንጣት ነዳጅ ማነሱን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትን። ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ዘይት ካቆረ ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ ማሸጊያ አልቋል፤ የኮይሉን ጎማ ቀስ በቀስ እየበላው ስለሆነ ማሸጊያው ሳይቀየር የሚገባ አዲስ ኮይል ያው ዕጣ ነው የሚጠብቀው። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት እንደ ሞተሩ ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። ኢሪዲየም ካንዴላን በካቺቢቴ እየፈለቀቁ ክፍተት ማስተካከል ግን ይቅር፣ ጫፉ ይሰበራል። ሲታሰርም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ በጉልበት ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል።

ኦክስጅን ሴንሰር ላይ ያለው በደል ለብቻው ይጻፍ። ፒ0171 ሲመጣ፣ ማለትም ድብልቁ ሳስቷል ሲባል፣ ወዲያው «ሴንሰሩ ሞቷል!» ይባላል። ሴንሰሩ እኮ ሥራውን እየሠራ ነው፣ መልእክት ነው ያመጣው። እንዲያውም እሳት የሳተ ሲሊንደር ያልተቃጠለ ኦክስጅን ስለሚያስወጣ ቤንዚኑ በቂ ሆኖ እያለ ሴንሰሩ «ሳስቷል» ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚስፋየር ኮድ አብሮ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም የሚለውን ክፈት፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው ድምር ለዜሮ የቀረበ፣ ቢበዛ ከ10 በመቶ ያላለፈ መሆን አለበት። በሚኒሞ 20 በመቶ ጨምሮ፣ ዙሩን 2500 ላይ ስትይዘው ወደ 3 ወይም 4 የሚወርድ ከሆነ አየር በጎን እየገባ ነው። ለምን? ቀዳዳው ያው ነው፤ ሚኒሞ ላይ መምጠጡ ኃይለኛ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ግን ጥቂት ስለሆነ የቀዳዳው ድርሻ ይገዝፋል። ዙር ሲጨምር በብዙ አየር ይዋጣል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ቁጥሩ ከወጣ ነዳጅ እያጠረው ነው፣ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሾ አሳንሶ እየቆጠረ ነው። ይህን ሁለት ቁጥር ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ፓምፕ ለመፍታት ከሚፈጀው ጋር ይወዳደራል?

አየር የሚገባበትን ፍለጋም በዓይን ይጀመር። ከአየር ማጣሪያው ወደ ትሮትል (የአየሩ መግቢያ በር) የሚሄደውን ባለ እጥፋት ጎማ ያዘውና በእጅህ ሳብ አድርገው። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲለጠጥ ከእጥፋቱ ሥር፣ በተለይ በታች በኩል፣ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ጎማው ይለጠጣል፣ ያልተቆጠረ አየር ይገባል፣ መኪናው ይነጥቃል። ለአንድ ስንጥቅ ስንት ፓምፕ ተቀየረ! የፍሬን ማገዣው ቱቦ፣ የፒሲቪ ቱቦ (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰው) እና አየር የሚያከፋፍለው የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀጥለው ይታዩ። ካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ግን እሳት ያስነሣል። የጭስ ማሽን ያለበት ቦታ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

የአየር መለኪያውን በራሱ ማጽጃ ብቻ እጠብ፤ ሽቦውን በጣትም በጥጥም አትንካው፣ ሳይደርቅም አትሰካው። ትሮትሉ በካርቦን ከጠቆረ ይጸዳ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን ክዳኑን በጣት ገፍቶ መክፈት ጥርሱን መስበር ነው። ከታጠበ በኋላ ሚኒሞው እንደገና መለማመድ አለበት። «ካጠብነው ወዲህ ዙሩ ወጣ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው።

የነዳጅ ፓምፕ ጥፋተኛ የሚባለው የግፊት መለኪያ ጌጅ ገብቶ ከታየ በኋላ ይሁን። ማኒፎልድ ላይ የሚረጭ ሞተር በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ዋናው ነገር ግፊቱ ቆሞ ሳይሆን እየተነዳ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይወርዳል ወይ የሚለው ነው። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ከሆነ ከፍተኛ ግፊት ያለውን መስመር አትፍቱ፤ ቆዳ የሚበሳ ግፊት ነው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ጉዳዩ ከባድ ነው። በደከመው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ መለካት፤ ቁጥሩ ከጨመረ የፒስተን ቀለበት፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ደግሞ የእሳት ወይም የነዳጅ አይደለም። የዙር መርፌው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ኮድ ሳይኖር፣ ስካነሩ ላይ ያለው ሚስፋየር ቆጣሪ ዜሮ ሆኖ መሪውና ወንበሩ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ፣ አውቶማቲኩም ዲ ላይ ፍሬን ተይዞ ብሶበት ኤን ላይ ፀጥ ካለ፣ የሞተሩን መያዣ ጎማዎች ፈትሹ። ተሰንጥቀው ወይም ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ፈስሶ ታገኙታላችሁ። ለእሱም ካንዴላ የሚያዝ አይጠፋም።