«ተይዟል» የተባለው ባዶ ክፍል

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት የግቢያችንን በር አንኳኳች። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ የእናቴ ግቢ ነው። አንድ ልጅ አዝላለች። ሁለቱ ቀሚሷን ጨብጠው ቆመዋል። ደላላ ነው የላካት። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ልጆቹን ቆጠረች።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት ነን እትዬ። ልጆቹ ግን አይረብሹም።»

«ውይ፣ ተይዟል እኮ የኔ ልጅ።»

አልተያዘም ነበር። ክፍሏ ሦስት ሳምንት ባዶዋን ከቆየች በኋላ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ገቡባት። እኔ ያን ቀን በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሜ መሆኑ ይታወቅልኝ።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ለማኝ ከበሯ ባዶ እጁን አይመለስም። ግን ጡረታዋ ወር አያደርሳትም። የደም ግፊት መድኃኒቷን የሚገዛው የሰርቪስ ቤቱ ኪራይ ነው። ሦስት ልጅ ማለት ለእሷ ቶሎ የሚሞላ ሽንት ቤት፣ የሚንር የውሃ ሒሳብ፣ የሚሞነጫጨር ግድግዳ ነው። ማታ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። «መክፈል ቢያቅታትስ? ሦስት ሕፃን ይዛ በዚህ ዝናብ ውጪልኝ ልላት ነው?» አለችኝ። ማስወጣት እንደማይሆንላት ታውቃለች። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አላስገባቻትም። በሩን የዘጋው ርኅራኄዋ ነው። ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች ስናወራ ሁሌም ከመጨረሻው እንጀምራለን። ከካርቶኑ፣ ከማዳበሪያው፣ ከላስቲኩ። ማታ በባጃጅ በአሮጌው መናኸሪያ በኩል ስናልፍ የሱቅ በረንዳ ላይ የተደረደሩትን እናያለን። «ኧረ በዙ እኮ!» እንላለን። ባጃጁ ታጥፎ ይሄዳል፤ እኛም አብረን እንታጠፋለን። ነገሩ ግን በረንዳው ላይ አልጀመረም። የጀመረው እንደኛ ቤት ባለ በር ላይ ነው።

ሰው ከቤት ወደ ጎዳና ዘሎ አይወርድም። ደረጃ በደረጃ ነው። ከሁለት ክፍል ወደ አንድ። ከብሎኬት ቤት ወደ ጭቃ ቤት። ከመሀል ከተማ ወደ ዳር። ከዚያ ደባልነት። ከዚያ ዘመድ ቤት፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። የዘመድ ፊት ሲጠቁር ደግሞ በአዳር የሚከፈል አልጋ። ብሩ ያለቀ ዕለት በረንዳ። በየደረጃው አንድ ዕቃ ይሸጣል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ አልጋው፣ መጨረሻ ላይ ምጣዱ። ምጣዷን የሸጠች እናት እንጀራ ጋግራ መሸጥ አትችልም። እዚያ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። ከዚያ በኋላ የምትሸጠው ዕቃ የለም።

ሞቢል አካባቢ የሚሠራ አንድ የማውቀው ደላላ አለ። ማን ቶሎ ቤት እንደሚያገኝ ጠየቅኩት። «ወንደላጤ፣ ደመወዝተኛ፣ ሲመሽ ብቻ የሚገባ» አለኝ። ማን አያገኝም? ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። ልጅ የበዛባት። ብቻቸውን የሆኑ አዛውንት፣ «ቢሞቱብኝስ» ስለሚባል። ዊልቸር ያለው፣ በሩም ሽንት ቤቱም ስለማያስገባው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ያለው ቤተሰብ። ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣና ዋስ የሌለው። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም። ግን ሐዋሳ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚከበር ደንብ አላውቅም።

የፋብሪካ ልጆችንም እዚሁ ላይ ላንሳ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ ሐዋሳ አዲስ ዘመን ገባች ተባለ። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። የመጡት በብዛት ከአካባቢው ገጠር የወጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከተማ ሲኖሩ የመጀመሪያቸው ነው። በ2011 ዓ.ም አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ስለዚሁ ፓርክ ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያ ብር ብቻዋን ክፍል መከራየት የምትችል ልጅ የለችም። ስለዚህ አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። የቀን ፈረቃ ያላት ስትነሣ የማታዋ ትተኛበታለች። ፍራሹ አይቀዘቅዝም።

ከዚያ 2014 ዓ.ም መጣ። ኅዳር ላይ የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ወጣች። ወሬው የኤክስፖርት ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ኪራይ የተካፈሉት ልጆች ግን ሒሳቡን በሌላ መንገድ ነው ያወቁት። ከአምስቱ ሁለቱ ሥራ ሲያጡ የቀሩት ሦስቱ ኪራዩን መሸፈን አይችሉም። አንዷ ወደ አገሯ ትመለሳለች። አንዷ ሐፍረት ይይዛትና አትመለስም። የማትመለሰዋ የት ታድራለች? ይህን እኔ በሪፖርት አላነበብኩም፤ የሐዋሳ ሰው ግን መልሱን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ፓርኩ በ9 ወር ነው የተገነባው። በ9 ወር! ያን ያህል ሼድ፣ መንገድ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ሁሉ። ሠራተኛዋ የምትተኛበት ግን ለእናቴና ለደላላው ተተወ። ስለዚህ «ቤት መሥራት ጊዜ ይፈልጋል» የሚለውን ምክንያት እኔ በበኩሌ ሰምቼ ጨርሻለሁ።

ቤት የሌለው ሰው የሚያጣው ጣሪያ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። አድራሻም ያጣል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ይጠየቃል። ከሌላ ቦታ ከመጣህ መሸኛ ይጠየቃል። ቤት ልትከራይ ስትሄድ ደግሞ አከራዩ «መታወቂያ አለህ?» ይልሃል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል፤ መልካም ነው፤ ማን እንደሆንክ ይመሰክርልሃል። ነገር ግን የከተማ ድሆችን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲመጣ ማን እንደቸገረው የሚለየው የሰፈር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የሚያውቀው ጎረቤቱን ነው። ሐዋሳ ያ ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ለጎዳና ተዳዳሪዎችም የተለየ ክፍል አለው። ሆኖም በየስድስት ወሩ ቤት የምትቀይር እናት የጎዳና ተዳዳሪ አይደለችም፤ የሰፈሩም ነባር አይደለችም። በመሀል ትወድቃለች።

እድርም እንዲሁ ነው። እድር ሰፈር ይፈልጋል። ቤት የሌለው ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም። አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ብለን መመረቅ ነበር ወጋችን። ተከራይ ግን ስንቴ ይመረቃል? ፍራሹን በጋሪ ጭኖ በገባ በመንፈቁ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱ ተፈልጓል» ይባላል። (የሐዋሳ አከራይ ልጆች ሁሉ ከውጭ ቢመለሱ ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያው ባልበቃን ነበር።)

መንግሥት ምን ያደርጋል? በየከተማው የተለመደው መልስ አፈሳ ነው። በዓል ሲደርስ፣ ትልቅ ስብሰባ ሲመጣ፣ ጎዳናው በአንድ ሌሊት ይጸዳል። ተጭነው የሄዱት ከሳምንታት በኋላ ከስተው ይመለሳሉ። ቦታቸው ያው ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው ሕግ ስሙ «የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ» ነበር። አዋጁ የራሱ ዓላማ ነበረው። ቃሉ ግን በአፋችን ቀረ። ቤት ያጣን ሰው ስናይ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቦዘኔነት ነው።

በሕግ ደረጃ ግን ሌላም ነገር ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት መመደብ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 90 ደግሞ መጠለያን ከትምህርትና ከጤና ጋር አንድ ላይ ይጠራዋል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ሁሉንም ታለሳልሳለች። እስቲ ይሁን።

በ2016 ዓ.ም ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ከ2 ዓመት ያነሰ ውል አይቀበልም። ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር አይበልጥም። አከራይ እንዳሻው መጨመር አይችልም። የክልል ከተሞችን ጉዳይ ለክልሎቹ ውሳኔ ትቶታል። ሕጉን እደግፈዋለሁ። ግን የሚጠብቀው የገባን ሰው ነው። በር ላይ የቆመችውን አይጠብቃትም። እንዲያውም እናቴ አዋጁን በሬዲዮ ስትሰማ ምን አለች? «እንግዲህ ሁለት ዓመት የሚቀመጥብኝ ከሆነ በደንብ አጣርቼ ነዋ የማስገባው» አለች። ደላላው የቆጠራቸው ሰዎች ዝርዝር ያን ቀን ይበልጥ ጠነከረ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከእኛ ግቢ ጀርባ አንድ እማማ አሉ። የቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ቁስል እስካሁን አልሻረም፤ አላቃልለውም። የእማማ ቤትም ቤት ከተባለ ነው። ጭቃው ረግፏል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ግን ዝናብ ቢገባባቸውም ሰው አያስወጣቸውም። ኪራዩ ከጠላ ከሚያገኟት ይከፈላል። የልጅ ልጃቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። መድኃኒታቸው ሁልጊዜ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። እድር አላቸው። ያቺ ሦስት ልጆች የያዘች ሴት የጎደላት ይሄው ነው። ቪላ አልጠየቀችም። ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ቆጥቦ እጣ ለሚጠብቅ ሰው ነው። የዕለት ጉርሷን የምታሳድድ እናት ከምን ትቆጥባለች?

ስለዚህ እኔ የምለው ይሄ ነው። የቀበሌ ቤት ሲለቀቅ ወይም ለልማት ሲፈርስ ቁጥሩ አይቀንስ። በምትኩ ክፍል ይሠራ፤ ምድር ቤት ላይ፣ ዊልቸር የሚያስገባ በር ያለው። ያ እስኪሠራ ደግሞ ከተማዋ ዋስ ትሁን። ሐዋሳ ውስጥ ባዶ ሰርቪስ ሞልቷል። የጠፋው ዋስ ነው። ለልጅ አሳዳጊዋ፣ ለአዛውንቱ፣ ለአካል ጉዳተኛው ከተማው ከአከራይ ጋር ይዋዋል። ተከራይዋ የአቅሟን ትክፈል፤ ያቃታትን ወር ከተማው ይሸፍን። ግድግዳ ከተበላሸ ያድስ። እናቴ የምትፈራውን ነገር ሁሉ እናቴ ብቻዋን አትሸከመው። አከራዮችን በምክር ለመለወጥ ከመድከም ፍርሃታቸውን መግዛት ይቀላል።

የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «የተረጂዎቹ ዝርዝር ውስጥ የሊቀመንበሩ አክስት ትገባለች።» ትገባ ይሆናል። አይተናል። መፍትሔው ስም ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ መለጠፍና የእድር ዳኞችን ማስቀመጥ ነው። የእድር ዳኛ ማን እንደተቸገረ፣ ማን እንደሚያስመስል ከማንም በላይ ያውቃል። ማስቲሽ ለለመዱት ልጆች ክፍል ብቻ እንደማይበቃም አውቃለሁ። እነሱ ሕክምናም አብሮ ይፈልጋሉ። ግን የሚታከሙትም አንድ ቦታ ሲያድሩ ነው።

ሐሳቡን ለእናቴ ነገርኳት። ሽሮ እየነፋች ነበር። «ቀበሌው ዋስ ከሆነማ ምን ቸገረኝ?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ያቺ ልጅ ግን የት ገብታ ይሆን?» ብላ ወንፊቱን አስቀመጠች። ለሁለት ቀን ያህል አላነሣችውም።

የባንክ ሠራተኞቹ ባለፈው ሳምንት ለቀቁ፤ ክፍሏ እንደገና ባዶ ናት። ትናንት ደላላው ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

«ሰው አግኝቻለሁ» አለኝ። «ልጅ የላቸውም።»