ውዳሴ ለታማኙ መራጭ

ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ትይዩ አንድ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ላይ የአንድ ፓርቲ ፖስተር ተለጥፏል። ጉድጓዱም ፖስተሩም እኔ ወደዚህ የለንደን ሰፈር ስገባ ነበሩ። ሁለቱም የሽማግሌው የጎረቤቴ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጉድጓዱን ሲረግሙ ይውላሉ፣ ፖስተሩን ሲወለውሉ ያመሻሉ። ጉድጓዱን መድፈን የነበረበት የወረዳው ምክር ቤት በማን እጅ እንዳለ ገምታችኋል። የፓርቲውን ቀለም ግን አልናገርም። ቀይ በሉት፣ ሰማያዊ በሉት፣ ብጫም አረንጓዴም በሉት፣ ታሪኩ ቅንጣት አይዛነፍም።

ሐሙስ ሜይ 7 ቀን 2026 በ32ቱም የለንደን ወረዳዎችና በሌሎች ብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች የምክር ቤት ምርጫ ይደረጋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ጋዜጦቹ ከወዲሁ ስለ ተቆጣው መራጭ፣ ስለ ተሰላቸው መራጭ፣ ስለ ኮብላዩ መራጭ ይጽፋሉ። ስለ ታማኙ መራጭ የሚጽፍ ጠፋ። እኔ ግን ከደጃፌ ቆሜ በየቀኑ የማየው ሰው ነውና ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ጥራዝ ነጠቅ ተቺዎች ይህን ሰው «ያማርራል እንጂ አይለወጥም» እያሉ ያሙታል። የጥበቡን ጥልቀት ስላልተረዱት ነው። ማማረር አንድ ሙያ ነው፤ መምረጥ ሌላ ሙያ ነው። ጎረቤቴ ሁለቱን ሙያዎች ለየብቻ የተካኑ ሊቅ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ተዘጋው ቤተ መጻሕፍት፣ በሳምንቱ ስላልተነሣው ቆሻሻ ያማርራሉ። የምርጫው ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ውሻቸውን አስከትለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ውሻቸውን ከአጥሩ ያስሩታል፤ ቅሬታቸውን እንደ እርጥብ ጃንጥላ በሩ ላይ ያቆሙታል፤ ራሳቸው ብቻ ይገባሉ። ሲወጡ ሦስቱም አብረው ይመለሳሉ፦ ሽማግሌው፣ ውሻውና ቅሬታው።

በድምፅ መስጫው መከለያ ውስጥ በክር የታሰረች እርሳስ አለች። እርሳሷን ያሰሯት እንዳትጠፋ ነው። የጎረቤቴ እጅ ግን ክር አያስፈልገውም፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በእኛ ቀጠና ሦስት ወንበር ስላለ እያንዳንዱ መራጭ እስከ ሦስት ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ዕጩዎቹም በቤተሰብ ስማቸው ፊደል ተራ ተደርድረዋል። ባለፈው ምርጫ ማግሥት የመረጧቸውን የሦስቱን ሰዎች ስም ብጠይቃቸው በአዘኔታ ተመለከቱኝ። «ስም ምን ያደርግልሃል? ዓርማው አለ አይደል?» አሉኝ።

እንግሊዞች ስለዚህ ጉዳይ የታወቀ ቀልድ አላቸው። በዚህ ሰፈር አህያ ላይ ቀይ ጥብጣብ ቢሰኩባት ታሸንፋለች ይላሉ፤ ሰማያዊ ጥብጣብ የሚስማማት አህያም ሌላ ሰፈር አላት። ለስድብ የሚሉት ይመስለኛል። እኔ ግን አህያን በቅርብ ከሚያውቅ አገር የመጣሁ ነኝና ስድቡ አልታየኝም። አህያ ትሸከማለች፣ በራሪ ወረቀት አትበትንም፣ «ጉዳዩን እያጣራን ነው» የሚል ኢሜይል አትልክም። ከመረጥናቸው አንዳንዶቹ ጋር ስትወዳደር ብታሸንፍ ፍትሕ ነው።

የታማኝነትን ጫፍ ማየት የሚሻ ግን ከለንደን ወጥቶ ወደ ኖርዝአምፕተንሻየር ይዝለቅ። የዚያ አውራጃ ምክር ቤት በ2018 ካዝናው ነጠፈ። እዚህ አገር ምክር ቤት እንደ ነጋዴ አይከስርም፤ የገንዘብ ኃላፊው በሕጉ ቁጥር 114 የሚታወቀውን ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሕግ ከሚያስገድደው ውጪ አዲስ ወጪ አይታሰብም ማለት ነው። ኖርዝአምፕተንሻየር ይህን ማስታወቂያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አወጣ። 53 ሚሊዮን ፓውንድ የፈሰሰበትን አዲስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ሸጦ መልሶ ተከራየው። በመጨረሻም በ2021 ከነስሙ ፈረሰና በቦታው ሁለት አዳዲስ ምክር ቤቶች ተተከሉ። የፈረሰውን ይመራ የነበረው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ መራጩ ሕዝብ አዲሶቹን ሁለት ምክር ቤቶች ለማን ሰጠ? ሁለቱንም ለኮንሰርቫቲቭ። አንድ ቤት ላቃጠለበት ሰው የሁለት ቤት ቁልፍ ያስረከበ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ይቅር ባይነት ከየትኛው ገዳም እንደተማረው እግዜር ይወቅ።

ሰማያዊዎቹ ብቻ ናቸው እንዳትሉኝ፣ ቀዮቹም ከዚህ በረከት አልተጓደለባቸውም። በሌበር የሚመራው የኖቲንግሃም ከተማ ምክር ቤት ርካሽ ኤሌክትሪክና ጋዝ ለሕዝቡ እናቀርባለን ብሎ አንድ ኩባንያ አቋቋመ። ስሙንም በከተማይቱ ዝነኛ ሽፍታ በሮቢን ሁድ ሰየመው፤ ከሀብታም ቀምቶ ለድሃ ይሰጥ ነበር በሚባለው። ኩባንያው በ2020 ሲዘጋ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሕዝብ ገንዘብ ይዞ ሄደ። ሽፍታው በዚህኛው ዙር ከማን ቀምቶ ለማን እንደሰጠ እስካሁን አልገባኝም። በሜይ 2023 መራጩ ለሌበር እንደገና ሰፊ አብላጫ ሰጠው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ያው ቁጥር 114 ኖቲንግሃምም ደረሰ። ሰባት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም። ቁጣ ቢኖር ቀድሞ መኖር ነበረበት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም ለካ።

እርግጥ በየመካከሉ ከሃዲ አይጠፋም። በ2022 የዌስትሚንስተር ወረዳ ሰዎች ምክር ቤቱ በ1964 ከተመሠረተ ጀምሮ ያልተለየውን ፓርቲ ጣሉት፤ የዋንድስወርዝ ሰዎችም ከ1978 ጀምሮ የኖረውን አሰናበቱ። ጎረቤቴ ይህን ዜና በሰሙ ዕለት አንገታቸውን ደፍተው ሻይ አፈሉ። ያሸነፈው የእሳቸው ፓርቲ ይሁን የተሸነፈው አልነግራችሁም። ያሳዘናቸው ነገር ሌላ ነው። «ሰው አንዴ መለዋወጥ ከጀመረ» አሉኝ፣ «በምን ታስቆመዋለህ?»

ከታማኙ ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው ቀጪው መራጭ ነው። እኛ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የምንለው ተረት እዚህ አገር በየሜይ ወሩ በይፋ ይከበራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን መምታት የፈለገ ሰው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያ ሐሙስ ለውድድር ስላልቀረቡ፣ ቱቦ ያስጠገነለትን የሰፈሩን ተወካይ ይመታል። በሜይ 2025 የሪፎርም ፓርቲ 677 ወንበሮችን ወስዶ 10 ምክር ቤቶችን ጠቅልሎ ያዘ። ከወንበራቸው የተነሡት አብዛኞቹ በማዕከላዊው መንግሥት ውስጥ ሥልጣን ያልነበራቸው ኮንሰርቫቲቮች ነበሩ። ከተነሡባቸው ምክንያቶች አንዱም በትናንሽ ጀልባ ባሕር አቋርጠው የሚገቡ ስደተኞች ጉዳይ ነው። የአውራጃ ምክር ቤት መንገድ ይጠግናል፣ አረጋውያንን ይጦራል፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን ይንከባከባል፤ ባሕር ኃይል ግን የለውም። በሌላኛው ጥግ ደግሞ የጋዛን ጦርነት በቆሻሻ ማንሻ መኪና ምርጫ ለማስቆም የሚሰለፉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት ጉዳይ ከባድ ነው፤ የተሳሳቱት አድራሻውን ብቻ ነው። ባሏን የጎዳች መስሏት እንዲያ እንዳደረገችው ሴት… ተረቱን የምታውቁት ጨርሱት፣ እኔ በጽሑፍ አልጨርሰውም።

ሳይመርጡ ስለሚቀሩት ብዙ አልልም። በእንግሊዝ የምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ከተመዘገበው ሕዝብ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነው፤ ሁለቱ እቤታቸው ሆነው ዲሞክራሲን በሐሳብ ይደግፋሉ። አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። በ2017 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ በሳውዝ ብላይዝ ቀጠና ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ አግኝተው በእንጨት ዕጣ ተለያዩ። በዚያች ዕጣ የተነሣ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የምክር ቤቱን አብላጫ በአንድ ወንበር አጣ። አንድ ሰው ከሶፋው ቢነሣ ኖሮ ያ ሁሉ እንጨት የመምዘዝ ጨዋታ ይቀርብን ነበር።

የታማኝነት መንፈስ ከመራጩ አልፎ ወደ ሕጉም ገብቷል። በየዓመቱ የምናማርርበት የካውንስል ታክስ፣ ለምክር ቤቱ የምንከፍለው የቤት ግብር፣ በእንግሊዝ የሚሰላው ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ያወጣ በነበረው ነው። ለእኛ ሰው በሚገባ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ኮሎኔል መንግሥቱ ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጡ በነበረው የቤት ዋጋ ነው የምንከፍለው። ከዚያ ወዲህ ሌበርም ኮንሰርቫቲቭም እየተፈራረቁ ገዝተዋል፤ አንዳቸውም ሰነዱን ለመንካት አልደፈሩም። ደርግ ወድቋል፣ የበርሊን ግንብ ድንጋይ ተሽጦ አልቋል፣ 1991 ግን እዚህ ፖስታ ቤት በኩል በየዓመቱ ይመጣል።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ለመምረጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየት ግዴታ ሆኗል። ሕጉ ሲጀመር ከተፈቀዱት መታወቂያዎች መካከል የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ይገኝበታል፤ የተማሪዎቹ የጉዞ ካርድ ግን አልተካተተም። ተማሪዎቹ ተነጫነጩ። ምን ያነጫንጫል? ታማኝነት ዕድሜ ይፈልጋል፤ ወጣት ሰው ደግሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ሊጠይቅ ይችላል።

እኛ ሐበሾች በዚህ ጸጋ ለመካፈል ብዙ ጠብቀናል። የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ በሕጋዊ ፈቃድ እዚህ የሚኖር ከሆነ ፓስፖርት ሳይቀይር ይመርጣል፤ ኬንያዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ በ2009 ኮመንዌልዝን የተቀላቀለው ሩዋንዳዊ ሁሉ። ኢትዮጵያዊ ግን ዜግነት እስኪያገኝ ይጠብቃል። አያቶቻችን ቅኝ አንገዛም ብለው በዐድዋ ሲዋደቁ፣ የልጅ ልጆቻቸው ለንደን ውስጥ ስለ ቆሻሻ መጣያ ድምፅ መስጠት እንደሚከለከሉ ማን በነገራቸው!

እኔ ቃለ መሐላውን ፈጽሜ የመጀመሪያዋ የመራጭነት ካርዴ በፖስታ ስትደርሰኝ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ የኖሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ዘንድ ለምክር ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። «ጋሼ፣ ማንን ልምረጥ?» አልኳቸው።

«እኛ ምንጊዜም የምንመርጠው እነሱን ነው» አሉና አንዱን ፓርቲ ጠሩልኝ።

«ምን አድርገውልን ነው?»

ስኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡ። ረጅም ጊዜ አሰቡ። ባለቤታቸው ከጓዳ «ልጁ የጠየቀህን መልስለት እንጂ» አሏቸው።

«ምንጊዜም እንመርጣቸዋለንና!» አሉኝ ቆጣ ብለው። ሁለተኛውን ስኒ በዝምታ ጠጣን። ከአገር ስንወጣ ብዙ ነገር ጥለን ወጥተናል፤ ይህች ልማድ ግን እዚህ ቀድማ ደርሳ ጠብቃናለች።

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ በር አንኳኪዎቹ መጡ። ደረታቸው ላይ ጥብጣብ የሰኩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ በእጃቸው «እዚህ ማሸነፍ የምንችለው እኛ ብቻ ነን» የሚል ወረቀት ይዘዋል። ከጽሑፉ ሥር ባለው የንጽጽር ሥዕል የእነሱ ዓምድ ሰማይ ሊነካ ይደርሳል፣ የተቃዋሚያቸው ከጉልበት በታች ነው፤ ልዩነቱ ግን ቁጥሩን ሳነብ አራት ከመቶ ሆኖ አገኘሁት። ከእኔ በር ሄደው ወደ ጎረቤቴ ሲሻገሩ አንደኛው ልጅ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ወደቀ። ሽማግሌው ከደጃፋቸው ሮጠው ወጡ። ልጁን ደግፈው አነሡት፣ ሱሪውን አራገፉለት፣ ውሃ አመጡለት። የእሳቸው ፓርቲ ልጅ ነው። ስለ ጉድጓዱ አንዲት ቃል አልተናገሩትም፤ እንግዳ ፊት የቤት ጉድ አይወጣም። ልጁ እያነከሰ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ጉድጓድ!» ብለው ጀመሩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል አላቋረጡም።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ ጎረቤቴ መንገዱ ዳር ቆመው ፊታቸው በርቷል። ከምክር ቤቱ የመጣ ሰው ጉድጓዱን ዙሪያውን በነጭ ቀለም ከቦት ሄዷል፤ የሚጠገን ጉድጓድ ምልክቱ ይህ ነው።

«አየህ?» አሉኝ። «እየሠሩ ነው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአዲሱ ነጭ ክብ ሥር የደበዘዘ ሌላ ክብ አለ። ከእሱም ሥር፣ በቅርብ ካላዩት የማይታይ፣ ሌላ።

«መኪናህን ስታወጣ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «አደራህን ቀለሙን እንዳትረግጠው።»